ምልክቶቹን የሚያመጣው ሰውዬ

የወንድይፍራውን መሞት የነገረችኝ ትርንጎ ናት። ሸዋ ሮቢት መሥሪያ ቤት ሳለን ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነበር፤ ዛሬም ስትደውል ድምፅዋን ከጠረጴዛው ማዶ እንደምትወረውረው ነው።

«ሰማሽ እትዬ ብርቄ? ጋሽ ወንድይፍራው ዐረፉ እኮ!»

«ነፍስ ይማር» አልኩ።

«በቃ? ይኸው ነው?»

«ነፍስ ይማር ካልኩ ሌላ ምን ልበል?»

«ምነው እቴ! ቀብራቸው ደብረ ብርሃን ነበር። ከዚህ አንድ መኪና ሙሉ ሰው ሄደ። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ‹ዕውቀቱን ሳይሰስት ለባልደረቦቹ ያካፈለ› ሲሉ ያላለቀሰ የለም።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያቺ ዓረፍተ ነገር አላስቀምጥ አለችኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰው ደብዳቤ በመተየብ ነው፤ የተሳሳተ ነገር እያየሁ ማለፍ አልችልም። ለሞተ ሰው እንዲህ እንደሚባል አውቃለሁ። ሚስቱና ልጆቹ ይጽናኑበት፤ አልቀማቸውም። ወንድይፍራው ግን ዕውቀቱን ሳይሰስት ያካፈለ ሰው አልነበረም። በሕይወቴ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ እንደሱ የሰሰተ አላየሁም። እንደሱ የጠላሁትም የለም፤ እንደሱ ደጋግሜ የማስታውሰውም የለም። በቁሙ ሳለ አንቱ ነበር የምለው። እዚህ ላይ እሱ እላለሁ፤ ይህን ያህሉን መብት ለራሴ ሰጥቻለሁ።

ወደ እኛ የመጣው ኮምፒውተሮቹ በመጡ ሰሞን ነው። የጽሕፈት መኪናዎቻችን ግምጃ ቤት ገቡ፤ በቦታቸው ጀርባቸው ያበጠ ነጫጭ ሣጥኖች ተተከሉ፤ ከሣጥኖቹ ጋር አንድ ሰው ከደብረ ብርሃን ተመድቦ ወረደ። ረጅም፣ ትከሻው ወደ ፊት ያዘመመ፣ ጥቁር ሰማያዊ ኮት የለበሰ። ያንን ኮት ሲያወልቅ አላየሁም። በግንቦት፣ አስፋልቱ የጫማ ሶል እየያዘ ሰው ሲያነክስ፣ እሱ ኮቱን ቆልፎ ይቀመጣል። ላቡ ከጆሮው ሥር ተነስቶ ኮሌታው ውስጥ ሲገባ እያየነው እሱ እንዳላወቀ ይሆናል። ሰውነቱ ቆላ ወረደ እንጂ ልቡ ደጋ ቀርቶ ነበር።

አገራችንን ቅጣት አድርጎ ነበር የያዘው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከዋናው መንገድ ዳር ቆሞ ወደ ላይ የሚሄድ መኪና ሲያስቆም ታገኙታላችሁ። ደብረ ሲና ድረስ ብቻ የሚሄድም ቢሆን ይሳፈራል፤ ብርዱን አንዴ ቢተነፍሰው ይበቃዋል።

«ሰው ወደሚኖርበት አገር ልውጣ እንግዲህ» ይላል።

«እዚህ ያለነውስ ምንድን ነን?» አለው አንድ ቀን ከፋይናንስ ክፍል ጋሽ ሰይድ፣ የይፋት ልጅ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው።

«እናንተማ በስላችኋል። ከእንግዲህ መቅረብ ብቻ ነው የቀራችሁ።»

ሰይድ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

የማንንም ኪቦርድ ሳይጠርግ አይነካም ነበር። ነጭ መሐረብ ከኮቱ ኪስ ያወጣል፣ ይዘረጋል፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይጠርጋል፤ ከዚያ መሐረቡ ላይ የቀረውን እድፍ ለባለቤቱ ያሳያል። አይናገርም፤ ያሳያል ብቻ። የኔን ሲጠርግ ግን ይናገር ነበር። «ምንድን ነው ይሄ? ሽንኩርት ነው?» በየጓሮው ሽንኩርት በሚተከልበት ከተማ ይህ ስድብ መሆኑን ያወቅኩት ከሱ ነው። ደግሞ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «የማታዋ» ነበር የሚለኝ።

የማታዋ ያለኝ የማታ ተማሪ ስለነበርኩ ነው። ቀወት ገጠር ተወልጄ፣ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው ፊደል የቆጠርኩት። በተላላኪነት ተቀጥሬ፣ ቀን ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ እያዞርኩ፣ ማታ ልጆቼ ከሚሆኑት ጋር አንድ ወንበር ላይ እየተቀመጥኩ ዐሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ። በየደረጃው «አትችይም» ያለኝ ሰው ነበር፤ በየደረጃው መቻሌን ማሳየት ነበረብኝ። መጨረሻ ላይ የማዞራቸውን ደብዳቤዎች የምጽፈው እኔ ሆንኩ። ያቺ ወንበር ለኔ ወንበር ብቻ አልነበረችም። ስለኔ ይህ ይበቃል።

አሁን ኮምፒውተር ለማያዘወትር ሰው የነገሩን ሥር ላስረዳ። ማሽኑ ሲበራ ከታች በቀኝ በኩል፣ ሰዓቱ ካለበት ጎን፣ ትንንሽ ምልክቶች ይመጣሉ። እሱ «አይከን» ነው የሚላቸው። አንዱ የድምፅ ነው፣ አንዱ የቫይረስ መከላከያው ነው፣ አንዱ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ ነው። አራተኛው የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም ነበር፤ የግዕዝ ፊደል ያለበት ትንሽ አራት ማዕዘን። እሱን ካልተጫኑት ኪቦርዱ የሚጽፈው እንግሊዝኛ ነው። እኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምንጽፈው በአማርኛ ነበር። እናም ያ ምልክት ያልመጣ ቀን ደብዳቤ አይወጣም፣ ባለጉዳይ በረንዳ ላይ ይከማቻል፣ ኃላፊው ይጮኻል።

አለመምጣቱ ደግሞ ብርቅ አልነበረም። መብራት ይጠፋል፣ ይመጣል፣ ይጠፋል። የባትሪዎቹ ሣጥኖች በሙቀቱ ቶሎ ሞተው እግር ማሳረፊያ ሆነዋል። እናም መብራት ሲመጣ የቤቱ ሰው በአንድ አፍ «ሳይሄድ! ሳይሄድ!» እያለ ይሮጣል። ማሽኑ ገና ዓይኑን እየገለጠ፣ አንዱ ደብዳቤ ይከፍታል፣ አንዱ ሠንጠረዥ ይከፍታል፣ አንዱ የካርታ ጨዋታ ይከፍታል፤ ማውሱ እንደ በቆሎ ፈንዲሻ ይንጣጣል። ሁሉም ይህችን የመብራት ደቂቃ ሳትሄድ መብላት ነው የሚፈልገው። ማሽኑ ይንተባተባል፣ ይቆማል፣ ሲነቃ ከሰዓቱ ጎን ባዶ ነው። ያን ጊዜ ሰዉ የአማርኛውን ፕሮግራም ደጋግሞ ይከፍታል። ሲከፍት አንዲት ትንሽ ሣጥን በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ብላ ብቅ ትላለች፤ ሰዉ ሳያነባት ይዘጋታል፤ እንደገና ይከፍታል። በመጨረሻ «ወንድይፍራው ይጠራ!» ይባላል።

ይመጣል። ቁልፎቹ ወገቡ ላይ እየተንሿሹ፣ አይቸኩልም። በሩ ላይ ቆሞ አንዲት ቃል ይናገራል።

«ውጡ!»

እንወጣለን። ኃላፊም ቢሆን ይወጣል። በሩን ከውስጥ ይቆልፋል። በመስኮቱ እንዳናይ ሞኒተሩን ወደ ግድግዳው ያዞረዋል። እኛ ግቢው ውስጥ የኒሟ ዛፍ ሥር ተኮልኩለን እንጠብቃለን፤ ጥላዋ ለሁላችን ስለማይበቃ ዘግይቶ የወጣ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ከዚያ በሩ ይከፈታል። አራቱም ምልክቶች ከሰዓቱ ጎን ተደርድረው ተቀምጠዋል።

«ምን ሆኖ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም።

«ብነግርህ ይገባሃል?»

ወይም ደግሞ፣ ኮቱን እያስተካከለ፣ «ማሽን ሰው ያውቃል» ይላል። ይህቺን አባባሉን የቤቱ ሰው ሁሉ ይዟት ነበር።

ሰይድ ኮቱ ውስጥ አንድ ሲዲ ደብቋል፣ ለዚህ ነው የማያወልቀው ይል ነበር። «ወላሂ ደረቱ ላይ ሲያብረቀርቅ አይቻለሁ!» ትርንጎ ደግሞ በሩ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ሰምታ፣ «ምንም ድምፅ የለም። በልቡ ነው የሚያናግረው» አለች። የሚስቁ መስለው ያምኑ ነበር። አንድ መድኃኒተኛ ሥሩን ከየት እንደሚቆፍር ሲደብቅ ሰው ይበልጥ እንደሚያከብረው፣ እንዲሁ።

እኔ ያቺን በእንግሊዝኛ ብቅ የምትል ትንሽ ሣጥን አንድ ቀን ሳልዘጋት አነበብኳት። የማላውቃትን ቃል ከመዝገበ ቃላት ፈለግኳት። የምትለው «ይህ ፕሮግራም አስቀድሞ እየሠራ ነው» ነበር። ገረመኝ። እየሠራ ከሆነ ለምን አይታይም? ወንድይፍራው ሲመጣ፣ ከመውጣታችን በፊት፣ በትሕትና ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ ‹እየሠራሁ ነው› ነው የሚለው። ታዲያ ምልክቱ ብቻ ይሆን የጠፋው?»

ዞሮ ሰዉን አየ። ከኔ ጋር አልነበረም የሚነጋገረው።

«ስሙ እንግዲህ! የማታዋ እንግሊዝኛ ጀምራለች። እየሠራ ከሆነ ለምን ጠራሽኝ? ሥሪበታ!»

ሳቁ። ወጣሁ። ፀሐይ ላይ የቆምኩት ያን ቀን እኔ ነበርኩ። ጥያቄዬ ትክክል እንደነበረ ሳቁ ውስጥ ገብቶኛል፤ ያልገባው ሰው እንደዚያ ቸኩሎ አይሳለቅም።

እንዲህ እያልን ቢፒአር መጣ። የዚያን ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሰው ሁሉ ይህን ቃል ያውቀዋል። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ፈርሶ እንደ አዲስ ሊዋቀር፣ ሰዉ ሁሉ እንደ አዲስ ሊደለደል ነው። ሰው በገዛ ወንበሩ ላይ ተወዳዳሪ ሆነ። ለጸሐፊነት የተግባር ፈተና ይሰጣል ተባለ፤ ተፈታኟ ኮሚቴው ፊት አንድ ደብዳቤ በአማርኛ ትተይባለች። ያለፈች ትቀመጣለች፤ የወደቀች ክፍት ወደተገኘበት። ለኔ ክፍት የነበረው የት እንደሆነ ማንም አልደበቀኝም፤ ተላላኪነት ነበር። ደብዳቤ ይዤ ወደማዞርበት መተላለፊያ ልመለስ፣ ያቺን ሁሉ የማታ መንገድ እንዳልሄድኳት።

የፈተናው ቀን ጠዋት መብራት ጠፋ። ኮሚቴው እኔ ክፍል ገብቶ ተቀመጠ፤ ሰብሳቢው አቶ ሽመልስ፣ አባሉ ጋሽ ሰይድ፣ ለማሽኑ ጉዳይ ወንድይፍራው። ትርንጎ ከኔ ቀጥላ ስለምትፈተን በሩ ጋ ቆማለች። በወረቀት ራሳችንን እያራገብን ጠበቅን። መብራቱ ሲመጣ እኔ ተነስቼ ሳልደርስ ሰይድ ደረሰ።

«ሳይሄድ! እኔ ልክፈትልሽ እህቴ፣ አንቺ ተዘጋጂ!» ብሎ ማሽኑን አበራ፤ በቅንነት፣ ከልቡ፤ አብርቶም ማውሱን ይዞ ያገኘውን ሁሉ ይጫን ጀመር።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይተዉት» አልኩ።

«ቆይ፣ ደርሷል፣ ደርሷል!»

ማሽኑ ቆመ። ሲነቃ ከሰዓቱ ጎን ባዶ ነበር።

ሽመልስ ወደ ወንድይፍራው ዞረ። ወንድይፍራው ከተቀመጠበት ሳይነሳ አንገቱን አሰግጎ አየ።

«ፕሮግራሙ የለም። ጠፍቷል።»

«ማን አጠፋው?»

«በየቀኑ የሚቀመጥበት ማን ነው?»

ይህን ሲል የተቆጣ አይመስልም ነበር። ቅጠል ከኮቱ ላይ እንደሚያራግፍ ሰው ነው ያለው። ሽመልስ እስክሪብቶውን አነሳ። የመንግሥት ንብረት አጥፍታለች ማለት ከፈተና መውደቅ ይከፋል፤ ያ ሲጻፍ እጁን እያየሁ ነበር።

«ውጡ እንግዲህ፣ ልይላት» አለ ወንድይፍራው።

ኮሚቴው ተነሳ። እኔ አልተነሳሁም።

«ውጪ» አለኝ።

«አልወጣም።»

«ምን?»

«አልወጣም ጋሼ። አጥፍታለች ካሉ ያጠፋሁትን ሲመልሱት ልየው።»

ሽመልስ ከበሩ ላይ ተመለሰ። «እትዬ ብርቄ፣ ተይ እንጂ። አንድ አፍታ ብትወጪ ምን ይቀርብሻል?»

«የቀረኝ ይህቺ ወንበር ናት ጋሽ ሽመልስ። እዚህ እቀመጣለሁ።»

ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። ከፍ ማድረግ አላውቅበትም። ወንድይፍራው ግን ሰዉ ሁሉ የሚያየው ክርክር አልወደደም መሰለኝ፣ ኮሚቴውን አስወጥቶ በሩን በንዴት ዘጋው፤ ቆለፈው። ሞኒተሩን ወደራሱ አዞረ፣ እኔ እንዳላይ። እሱን ግን አያለሁ።

ማሽኑን አጠፋ። ማሽኑን አበራ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መሐረቡን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፤ እጆቹን አጣጥፎ መሐረቡ ላይ አኖረ። ቀጥሎ የሚያደርገውን ለማየት ዓይኔን አልነቀልኩም። ሲዲ አላወጣም። ኪቦርዱን አልነካም። ማሽኑ አጉረመረመ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ያቺን አጭር ዜማውን አሰማ። ሰውየው እጁን አልፈታም። ላቡ አገጩ ላይ ደርሶ ሲንጠባጠብ እንኳ ለመጥረግ አልተንቀሳቀሰም።

«ምን እየጠበቁ ነው?»

«ዝም በይ።»

እኔም እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። ሁለት የሚጠላሉ ሰዎች በአንድ ምድጃ ውስጥ እጃቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ከዚያ ሞኒተሩን ወደኔ መለሰው። የድምፁ አለ፣ የቫይረስ መከላከያው አለ፣ የባትሪው አለ፤ እያየሁት አራተኛው፣ የግዕዝ ፊደሉ፣ ብቅ አለ።

«ምንም አላደረጉም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ቁጭ ነው ያሉት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየኝ። «አዎ፣ ቁጭ ነው ያልኩት። ማሽኑ ከበራ በኋላ ቤቱን እስኪያሰናዳ ፋታ ይፈልጋል። ፋታ ካጣ ምልክቶቹን ማስቀመጫ ቦታው ሳይዘጋጅ ፕሮግራሞቹ ይነሱና ምልክታቸው ሜዳ ላይ ይቀራል። እናንተ ደግሞ ፋታ አትሰጡም። ከእናንተ መሃል እጁን ሰብስቦ መቀመጥ የሚችል ሰው አለ?»

«ተነግሮን ያውቃል? አንድ ቀን ‹እስኪጨርስ አትንኩት› ብለውን ያውቃሉ?»

ቁልፉን ከወገቡ ፈታ።

«ውጡ ማለት ይቀላል» አለና በሩን ከፈተ።

ደጅ ለቆመው ኮሚቴ ግን የተናገረው ሌላ ነው። «መልሼ ጭኜዋለሁ። ትፈተን።»

«አልጫኑም!» አልኩ። «ጋሽ ሽመልስ፣ ምንም አልጠፋም ነበር። አጥፍተው አበሩና ቁጭ አሉ፤ በቃ።»

ሽመልስ አዘነልኝ። በፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን ነው። «ቁጭ በማለት የሚድን ማሽን አለ እንዴ እትዬ ብርቄ?»

«አጥፉትና አብሩት። ማንም አይንካው። ራሳችሁ እዩ።»

እሺ አሉ። ተደርድረው ቆሙ። ማሽኑ ተነሳ፤ ዜማውን አሰማ። ዘገየ። ሰይድ አንዴ ወደኔ አየ፣ አንዴ ወደ ማሽኑ አየ፣ አላስቻለውም።

«ምን ይጠብቃል ታዲያ? ትንሽ ነካ ላድርግለት እንጂ!»

«ጋሽ ሰይድ!»

«ወላሂ አልነካሁትም!» አለ፣ ማውሱን በእጁ እንደያዘ።

ቆመ። ሲነቃ ባዶ ነበር። ወንድይፍራው ኮቱን አስተካከለ፤ «ውጡ» አለ፤ ይህን ጊዜ ትርንጎ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ። ስመለስ አራቱም ተደርድረው ነበር። ደብዳቤውን ተየብኩ። ስህተት አልነበረበትም። ግን የሽመልስ ጽሑፍ እንደተጻፈ ቀረ።

ውጤቱ ሲለጠፍ ስሜ ከተላላኪዎቹ መካከል ነበር፤ ከጎኑ «ጉዳይዋ እስኪጣራ» ተብሏል። ቅሬታ አቀረብኩ። ቅሬታዬን በደንብ ለመጻፍ ፕሮግራም እንዴት እንደሚጠፋ ማወቅ ነበረብኝ፤ መናኸሪያው አጠገብ ካለ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ መጽሐፍ ተውሼ አነበብኩ። ማራገፍ የሚባለውን ምዕራፍ ሁለቴ አነበብኩት። ባዶ ቢሮ ውስጥ በምሳ ሰዓት አንድ የማያስፈልግ ጨዋታ አራግፌም ሞከርኩት፤ ቀላል ነው። ወንድይፍራው በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። መጽሐፉን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ ሄደ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አለቀልኝ ብዬ ነበር።

የማጣራቱ ስብሰባ ላይ ሽመልስ ወረቀቱን አዘጋጅቶ ጠበቀ። በላዩ «ሠራተኛዋ ፕሮግራሙን ሆን ብላ ያጠፋች ስለመሆኑ በባለሙያ ተረጋግጧል» ይላል፤ የጎደለው የባለሙያው ፊርማ ነበር። ያ ፊርማ ካረፈ ተላላኪነቱም አይኖርም፤ ከሥራ መሰናበት ነው።

ወንድይፍራው ወረቀቱን ወሰደ። መነጽሩን አደረገ። አነበበው። መልሶ በጠረጴዛው ላይ ገፋው።

«ይህን አልፈርምም።»

«እንዴ! አጥፍታለች ያሉት እርስዎ አይደሉም?»

«በአፌ ነው ያልኩት። ይህ የሙያ ፊርማዬ ነው።» መነጽሩን አወለቀ። «ፕሮግራም ማጥፋት እኮ እንደ እንስራ መስበር አይደለም ጋሽ ሽመልስ። የተቀመጠበትን ማወቅ ይፈልጋል፤ ማራገፊያውን ማግኘት ይፈልጋል፤ ማሽኑ ሲጠይቅ በእንግሊዝኛ አንብቦ መመለስ ይፈልጋል። ይህች ሴትዮ? ይህች የማታ ተማሪ? ለማጥፋትም እኮ ዕውቀት ያስፈልጋል! እሷ ይህን ከቻለች እኔ እዚህ ምድጃ ውስጥ ምን እሠራለሁ? ጻፉ፤ አታውቅም።»

ክፍሉ እፎይ አለ። ማንም ሊያባርረኝ አልፈለገም ነበርና መውጫ ቀዳዳ አገኙ።

«እውነቱን ነው ወላሂ!» አለ ሰይድ፣ ሊረዳኝ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «እሷ ምን ታውቃለች! ምስኪን ናት እኮ!»

«እትዬ ብርቄ ማሽኑን ለማብራት እንኳ ትፈራለች» አለች ለምስክርነት የተጠራችው ትርንጎ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፣ ከመውደዷ የተነሳ።

እየተሽቀዳደሙ አለማወቄን መሰከሩልኝ። ከሁሉም የወንድይፍራው ድምፅ ከፍ ይል ነበር። ምሕረት አድርጎልሽ ይሆን ያሉኝ ሰዎች አሉ፤ ነገሩን ያጫወትኳቸው። ፊቱን አላዩትም። እኔ አይቼዋለሁ። የሱ ዕውቀት በኔ ጭንቅላት ውስጥ አለ ተብሎ በፊርማው ከሚረጋገጥ እኔን ተቀምጬ ማየት ቀለለው፤ ይኸው ነው።

ሽመልስ ወደኔ ዞረ። ጨዋ ሰው ነበር፤ ሥርዓቱን ማሟላት ፈለገ።

«ከራስሽ አፍ እንስማ እትዬ ብርቄ። ፕሮግራም ማጥፋት ታውቂያለሽ?»

ወንድይፍራው አየኝ። በዚያች ምሳ ሰዓት በሩ ላይ ቆሞ ያየውን እኔም እሱም እናውቃለን። ከሃያ ዓመቴ ጀምሮ ለሰው ሁሉ ስናገር የኖርኩት አንድ ነገር ነበር፤ አውቃለሁ፣ አጥንቻለሁ፣ ችያለሁ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ወንበሯ ግን በዚያ በኩል አልነበረችም።

«አላውቅም» አልኩ።

ወንድይፍራው መሐረቡን አውጥቶ አንገቱን ጠረገ።

የዚያኑ ዕለት ወደ ወንበሬ መለሱኝ። ከሰዓት በኋላ ሽመልስ በእጁ የተጻፈውን ቃለ ጉባኤ ይዞ መጣ፤ ትንሽ አፍሮ፣ «ሌላ ጸሐፊ የለንም፣ ይቅርታ፣ ለፊርማ እንድናደርሰው» አለ። ማሽኑን አበራሁ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ የግዕዝ ፊደሉ በጊዜው እስኪመጣ ጠበቅኩ። መጣ። «ሠራተኛዋ ፕሮግራሙን ለማጥፋት የሚያበቃ ዕውቀት የሌላት መሆኑ በባለሙያው ምስክርነትና በራሷ ቃል ስለተረጋገጠ» ብዬ ተየብኩ፤ ሽመልስ የሳተውን ነጠላ ሰረዝ አስተካከልኩ፤ አተምኩ፤ ወስጄ ሰጠሁ።

መጀመሪያ የፈረመው ወንድይፍራው ነው። ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ፣ ጣቱን በየመስመሩ እያስኬደ፣ ቀስ ብሎ አነበበ። ስህተት እየፈለገ ነበር። ከጎኑ ቆሜ ጠበቅኩት። አላገኘም።